ከጋራዡ፦ ማግኔት ይዘህ ሂድ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ድሮዎቹ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ናቸው። መስል ካር የሚባሉት። በጣም ደስ ብሎኛል። ሙያውን አዲስ አበባ ጀምሬ እዚህ ሜሪላንድ ጋራዥ ከገባሁ 26 ዓመቴ ነው። የእነዚህን ኮፈን መክፈት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። አሜሪካኖች የዚያን ዘመን ሞተር የሚለኩት በኪዩቢክ ኢንች ነው። 427 ሲሉ 7000 ሲሲ ገደማ ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ የምናውቃት ቪትዝ 1000 ሲሲ ናት። ሰባት የቪትዝ ሞተር አንድ ኮፈን ውስጥ ገብቶ አስቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሚሸጥ የ1969 ሼቭሮሌት ካማሮ አግኝቻለሁ። ፓራፋንጎው ላይ 427 የሚል ምልክት አለው። ፊቱ ላይ ደግሞ ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት) ይላል። ሻጩ "ዜድኤል1 ነው፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው" ይለኛል። 90,000 ዶላር ጠይቆኛል። ቀብድ ልስጠው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀብድ አትስጥ። መጀመሪያ ይህን አንብብ።

ዜድኤል1 የአሉሚኒየሙ 427 ሞተር ስም ነው። እሱ የገባበት እውነተኛ ካማሮ በጠቅላላው የተሠራው 69 ብቻ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጀነራል ሞተርስ በዚያን ጊዜ ከኮርቬት በቀር በመካከለኛና በትናንሽ መኪኖቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ግን አንድ ቀዳዳ ነበረች። ታክሲ ወይም የፖሊስ መኪና በብዛት የሚገዛ ደንበኛ በዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር የሚያዝበት መንገድ ነበር። ኮፖ ይሉታል። የማዕከላዊ ቢሮ የምርት ትእዛዝ እንደማለት ነው። የጀነራል ሞተርስ በሆነው ሼቭሮሌት ውስጥ ቪንስ ፒጊንስ የሚባል የእሽቅድምድም ነገር የገባው ሰው ነበር። በዚያች ቀዳዳ 427ን ካማሮ ውስጥ እንዲገባ ያደረገው እሱ ነው።

ፍሬድ ጊብ የሚባል መኪና ሻጭ ደግሞ ነበር። ሱቁ ኢሊኖይ ውስጥ ላ ሃርፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እሱ ዜድኤል1 ካማሮ 50 አዘዘ። የትእዛዙ ቁጥር 9560 ነው። ከዚያ ሂሳቡ መጣ። ሞተሩ ብቻውን ከ4,000 ዶላር በላይ! መኪናው ሙሉው ከ7,000 ዶላር አለፈ። በዚያው ዓመት ተራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ ከ3,000 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። ጊብ መኪኖቹን ሸጦ መጨረስ አቃተው። ብዙዎቹ ተመልሰው ለሌሎች ሻጮች ተከፋፈሉ። ዛሬ ሰው የሚሻማባቸው መኪኖች ያኔ ገዢ ያጡ ነበሩ። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

አሁን ወዳንተ መኪና። ጥርጣሬዬ የሚጀምረው ሻጩ ከሚኮራበት ምልክት ነው። የኮፖ ካማሮዎች 427 የሚል ጽሑፍ ሳይለጠፍባቸው ነው ከፋብሪካ የወጡት። ኤስኤስም አልነበሩም። ኮፈናቸው ከፍ ያለ ነው እንጂ ሌላው ገጽታቸው ተራ መኪና ነው። 427 የሚለውን ምልክት የሚለጥፉት እንደ ዶን ዬንኮ ያሉ ሻጮች ነበሩ። ዬንኮ ሱቁ እዚያው ፔንሲልቬኒያ፣ ካኖንስበርግ ነበር። የእሱ ካማሮዎች ግን በትእዛዝ ቁጥር 9561 የመጡ ናቸው፤ ሞተራቸው የብረት 427 ነው። ሻጩ ነገ ተገልብጦ "እንግዲያው ዬንኮ ነው" ቢልህም ወረቀት ጠይቀው። የዬንኮም ማስመሰያ ሞልቷል።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን አንብብ። ዳሽቦርዱ ላይ በሾፌሩ በኩል፣ በፊት መስታወቱ ውስጥ ይታያል። 12437 ብሎ መጀመር አለበት። 12337 ከሆነ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ነው። በቃ፣ ወደ ቤትህ ተመለስ። ከዚያ 9 ይከተላል፤ 1969 ማለት ነው። ከ9 በኋላ ኤን የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይኑር። ኖርዉድ፣ ኦሃዮ ማለት ነው። ዜድኤል1 ካማሮዎች የተገጣጠሙት እዚያ ነው። ኤል ከሆነ መኪናው የሎስ አንጀለስ ነው። ግን ልብ በል። የዚያ ዘመን የሼቭሮሌት ሻንሲ ቁጥር ስምንት ሲሊንደር መሆኑን እንጂ የትኛው ስምንት ሲሊንደር እንደሆነ አይነግርህም። ስለዚህ ይህ ቁጥር ውሸቱን ያባርራል፤ እውነቱን ግን አያረጋግጥልህም።

ከዚያ ማግኔት። የማቀዝቀዣ በር ላይ የምትለጥፋት ትንሿ ትበቃለች። የዜድኤል1 ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው። ማግኔቷ ከተጣበቀች ወሬው አለቀ። ካልተጣበቀችም ቶሎ አትደሰት፤ ሼቭሮሌት ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ የአሉሚኒየም 427 መልሶ ሸጧል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥርና የድሮው ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ደረሰኝ ካለ ይታይ። ከመኪናው ጋር ለዋስትና የሚሰጥ ፕሮቴክት-ኦ-ፕሌት የሚባል ትንሽ የብረት ሰሌዳም ነበር። ሁለቱም ከሌሉ 90,000 የምትከፍለው ለአንድ ሰው ቃል ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለተቃጠልኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ወዳጄ ቀይ የ1970 ሼቬል ሊገዛ ይዞኝ ሄደ። "ኤልኤስ6 ነው" ተባልን። 454 ኪዩቢክ ኢንች፣ 450 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ ሲነሳ መሬቱ ነዘረ። እኔም ድምፁን ሰምቼ "ይሄማ እሱ ነው" አልኩ። ከፈለ። ማታ ጋራዥ አስገብተን በተሳፋሪው በኩል ከቴስታታው ፊት ያለችውን ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ በጨርቅ ጠረግኩ። ለማኑዋል ሲአርቪ፣ ለአውቶማቲክ ሲአርአር የሚሉ ፊደሎች ነበር ማየት የነበረብኝ። አንዱም የለም። ሞተሩ በኋለኞቹ ዓመታት የተሠራ የጭነት መኪና 454 ሆኖ ተገኘ። ወዳጄ በግማሽ ዋጋ ሸጠው። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ግን ያቺን ጠፍጣፋ ቦታ ከመክፈላችን በፊት ባለመጥረጌ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው። በ1970 አዲስ ፕሊመዝ ኩዳ ሲገዛ ሄሚ የሚባለውን ሞተር ትቶ 340ውን አዘዘ። 55 ዓመት ሙሉ ሲቆጨው ኖሯል። ሄሚ ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ያኔ ሰው ለምን አልገዛውም? (ከአትላንታ፣ የ61 ዓመት አንባቢ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ሄሚ ምን እንደሆነ ላስረዳዎት፤ ምክንያቱ ከዚያ ይወጣል። የሞተሩ ቴስታታ ውስጥ ነዳጁ የሚነድበት ክፍል ጣሪያው ክብ ነው። ልክ እንደ አክንባሎ። ስለዚህ ትልልቅ ቫልቮች በሁለቱ ጎን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ካንዴላው መሀል ጣሪያው ላይ ነው። በ1964 ዴይቶና 500 በሚባለው ውድድር ላይ ሪቻርድ ፔቲ በዚህ ሞተር ፕሊመዝ ነድቶ አሸነፈ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ሁሉም ፕሊመዝ ነበሩ። በዓመቱ የውድድሩ አዘጋጅ ናስካር "ሕዝብ ሊገዛው የማይችል ሞተር አይወዳደርም" አለ። የፕሊመዝ ባለቤት ክራይስለርም ለ1966 ለመንገድ የሚሆን አዘጋጀ። 426 ኪዩቢክ ኢንች፣ ሁለት ባለ አራት አፍ ካርቡራተር፣ በወረቀት 425 የፈረስ ጉልበት።

አሁን በ1970 ሱቅ የገባውን ወጣት ያስቡት። መኪናዋ ራሷ 3,000 ዶላር ገደማ ናት። ሄሚው ብቻውን ከ870 ዶላር በላይ ይጨምራል። ባለ ሦስት ካርቡራተሩ 440 ደግሞ የዚያን ሲሶ በማይሞላ ዋጋ ይገኛል፤ በከተማ መንገድ ላይም ብዙም አይበለጥም። ሄሚ ያዘዘ ሰው ኤር ኮንዲሽነር ማዘዝ አይችልም። ሁለቱን ካርቡራተር እኩል ማስተንፈስ የሚችል መካኒክ በየሰፈሩ የለም። ነዳጁን ተዉት። ከሁሉም በላይ ኢንሹራንስ አለ። ለወጣት ሾፌር የሚጠየቀው ክፍያ አንዳንዴ ከመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ጋር ይፎካከር ነበር።

ስለዚህ በዚያ ዓመት 652 ጣሪያ ያላቸው የሄሚ ኩዳዎች ተሸጡ። ጣሪያቸው የሚታጠፈው 14 ብቻ ናቸው። በ1971 ቁጥሩ ከዚያም ወረደ፤ ከዚያ ሄሚው ቀረ። ከእነዚያ የ1971 ታጣፊዎች አንዷ በ2014 ሲያትል ላይ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች።

ለጎረቤትዎ ግን ይህን ይንገሩልኝ። ሁለቱንም ነድቻለሁ። ሄሚ ከፊት ይከብዳል፤ ኩርባ ላይ መሪው ይታገልዎታል። 340 ያላት ኩዳ ቀላል ናት፤ ወደፈለጉት ትታጠፋለች። የያኔው ምርጫቸው ስህተት አልነበረም።

ጥያቄ፦ የፎርድ ሙስታንግ ቦስ 429 ጉልበት 375 ነው ይላሉ። የሼቬል 454 ደግሞ 450። ታዲያ ቦሱ ለምን እንዲህ ይወደሳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እነዚያን ቁጥሮች እንደ ወንጌል አትያዛቸው። በዚያን ጊዜ ሞተር የሚለካው ከመኪናው ውጭ፣ ያለ አየር ማጣሪያና ያለ ሙሉ የጭስ ማውጫ ነበር። ከ1972 ጀምሮ ነው መኪና ላይ እንዳለ መለካት የተለመደው። ያኔ ቁጥሮቹ ሁሉ አሽቆለቆሉ። በዚያ ላይ ኢንሹራንስ እንዳይከብድ ዝቅ አድርጎ መጻፍም ነበር። የቦሱ 375 ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው ብዬ አምናለሁ። ቡይክ 455 ስቴጅ 1ን ተመልከት፦ ወረቀቱ 360 ይላል፤ የመጎተት ኃይሉ ግን 510 ፓውንድ ጫማ ነው። የመጀመሪያዋን ማርሽ አስገብተህ ስትረግጠው የሚገፋህ ይህኛው ነው።

ቦስ 429 የሚወደደው በአሠራሩም ነው። ሞተሩ በጣም ሰፊ ስለነበር ሙስታንግ ውስጥ አልገባ አለ። ፎርድ መኪኖቹን ብራይተን፣ ሚሺጋን ወዳለው ካር ክራፍት የሚባል ድርጅት ላከ። እዚያ የሾክ መያዣውን ግድግዳ ለውጠው ቦታ አበጁለት። ባትሪው ወደ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሄደ። በ1969 እና በ1970 ተደምሮ 1,400 እንኳ አልሞሉም።

አዲስ አበባ ስለሆንክ አንድ ልጨምር። ካርቡራተር ያለው ሞተር በእኛ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። አየሩ ስስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ተማሪ ሆኖ አሜሪካ ሲመጣ የገዛት የ1970 ሼቬል ማሊቡ አለችን። ባለፈው ዓመት አረፈ። ሞተሯ 307 ነው፤ አሁን አይነሳም። ወንድሜ 454 አስገብተን ኤስኤስ እናድርጋት ይላል። ምን ትመክረናለህ? (ከዴንቨር)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። 454 ማስገባት ይቻላል፤ ቦታው ይበቃል። ግን እኔ አልፈልግም። ያ 307 አባታችሁ ከበረዶ ጋር ታግሎ ያስነሳው ሞተር ነው። ባለ ሁለት አፍ ካርቡራተር ያለው፣ መለዋወጫው ርካሽ የሆነ፣ የማያስቸግር ሞተር ነው። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከሆነ ምናልባት ካርቡራተሩ ደርቋል፤ የነዳጁ ታንከርም ዝጎ ይሆናል። ወንድምሽ እምቢ ካለ 307ቱን ጠቅልላችሁ ጥግ አስቀምጡት፤ ለቁራሌ እንዳትሰጡት። የኤስኤስ ምልክት ደግሞ አትለጥፉባት። አንድ ቀን ሌላ ሰው እጅ ስትገባ የሚታለል ይኖራል።

ከሁሉም በፊት ግን ታንከሩን አስወርዱ። ያኔ የፋብሪካው ሠራተኞች የመገጣጠሚያውን ወረቀት ብዙ ጊዜ ታንከሩ ጀርባ ላይ ይተዉት ነበር። ካገኛችሁት ቢጫ፣ ተሰባሪ፣ ምናልባትም አይጥ የበላው ይሆናል። በእጃችሁ አትጎትቱት፤ ቀስ ብላችሁ በቢላ ጠርዝ አንሱት። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ እያንዳንዷን ቁጥር አነብላችኋለሁ።