ፖስታው የት አለ?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጠበቃ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ በጦርነት ጊዜ የተጠለፈ መልእክት በማስረጃነት ይቀርባል ወይስ አይቀርብም? ባጭሩ ይንገሩኝ» አለኝ። የዘንድሮ ልጆች ሁሉን ነገር ባጭሩ ነው የምትፈልጉት። የመለስኩለትን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዘመኑ 1991 ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነን። አስመራ ዘመድ ያለው ሰው ደብዳቤ የሚልከው በሦስተኛ አገር በኩል ነበር። ደንበኛዬ በርበሬና ቅመም የሚነግዱ እናት ናቸው፤ እትዬ ነበር የምላቸው። አስመራ ላሉት እህታቸው ጽፈው ሮም ላለ የወንድማቸው ልጅ ላኩ፣ እሱ እንዲያሻግርላቸው። ደብዳቤው ሮም አልደረሰም። የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ውስጥ ተገኘ።

ክሱ የቆመው በሁለት መስመር ላይ ነው። «ትልቁ ወደ ሰሜን ሄዷል። መሐለኛውም ሊከተለው ነው ይላሉ።» የጦር ሠራዊት እንቅስቃሴ ነው ተባለ።

እኔ ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ተነስቼ «ደብዳቤውን ደንበኛዬ ጽፈዋል፣ አንክድም። ክርክራችን ትርጉሙ ላይ ነው» አልኩ። ስለ ልጆቻቸው ነው የጻፉት ብዬ ተከራከርኩ። ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለና «ልጆቹ ስም የላቸውም?» አለ። ትንሹን ልጃቸውን አስመሰከርኩ። ለእናቱ ያልመሰከረ ለማን ይመሰክራል ተብሎ ታለፈ። ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

የቀረበው ፎቶ ኮፒ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ግራ ጥጉ ላይ የስፒል ጥላ ታትሟል። አይቼዋለሁ። ምን ተያይዞ ነበር ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

እትዬ ከእስር ሲወጡ ቢሮዬ መጡ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። አልወቀሱኝም። ሻይ ጠጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ፎቶውን አትቀበልልኝም?» አሉኝ። የምን ፎቶ? ሦስቱ ልጆቻቸው ለጥምቀት የተነሱት ነዋ! ከደብዳቤው ጋር በስፒል አያይዘው ፖስታው ውስጥ ከተውታል። ጀርባው ላይ በራሳቸው እጅ ጽፈውበታል፦ ትልቁ፣ መሐለኛው፣ ትንሹ።

ፖስታውን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ! ማን ከፈተው? መቼ? በማን ትእዛዝ? ውስጡ ሌላ ምን ነበር? አንዷንም አልጠየቅኩም።

ሕጉ ቢያንስ የምጠይቅበትን መንገድ ሰጥቶኝ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ የሚላክ ደብዳቤን ይጠብቃል። ገደብ ሲጣል አስገዳጅ ሁኔታና ዝርዝር ሕግ ይፈልጋል። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አይነኩም ካላቸው ውስጥ 26 የለበትም፤ ስለዚህ ሊታገድ ይችላል። ግን ጦርነት ስለተነሳ ብቻ በራሱ ጊዜ አይታገድም። የ1948ቱ የንጉሡ ሕገ መንግሥት እንኳ ደብዳቤን ሳንሱር ማድረግ የፈቀደው የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ብጠይቅም ላላሸንፍ እችል ነበር። ያኔ የተሟላ የማስረጃ ሕግ አልነበረንም። የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በግልጽ ውድቅ የሚያደርገው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው፤ ያለ ትእዛዝ ስለተከፈተ ፖስታ አያወራም። ከዚያ በኋላ ስለወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ 652ና በ2012 ስለተካው አዋጅ አልደግምላችሁም፤ አንብባችኋል።

አባቴ ደብዳቤ ሲደርሰው ከማንበቡ በፊት ፖስታውን አገላብጦ ሙጫውን ያይ ነበር። ከሕግ ትምህርት ቤት ይልቅ እሱን ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኒውዮርክ ውስጥ ቬልቫሊ ዲኪንሰን የምትባል የአሻንጉሊት ነጋዴ ነበረች። ወደ ቦነስ አይረስ ስለ አሻንጉሊት ትጽፋለች። አሻንጉሊቶቹ የአሜሪካ የጦር መርከቦች ናቸው፤ መረጃው ለጃፓን ነው። ምን አጋለጣት? በላኪ አድራሻነት የደንበኞቿን ስም ነበር የምትጽፈው። ተቀባይ ጠፍቶ ደብዳቤዎቹ ሲመለሱላቸው ሴቶቹ «እኛ አልጻፍንም» አሉ። ከዚያ መርማሪዎቹ የጽሕፈት መኪናዎቹን ሳይቀር አመሳከሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 የሳንሱር ሕግ መጣሷን አምና 10 ዓመትና 10 ሺህ ዶላር ተፈረደባት። አያችሁ፣ እዚያም ነገሩን የፈታው ፖስታው ነው።

የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው ብዬ ነው የኖርኩት። የእሷ ደብዳቤ እጄ ቢገባ ግን እኔም እከፍተው ነበር። እንዴት ሁለቱን አስታርቃለሁ? እንጃ።

ያ ልጅ ሲጠይቀኝ «ፖስታውን አይተኸዋል?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ቴሌግራም እኮ ነው! ስክሪን ሾት ነው ያቀረቡት።»

«ስልኩን ማን ከፈተው? ከላይና ከታች የተቆረጠውስ ምን ይላል?»

ዝም አለ። መዝገቡን አይቼ ነገ እደውላለሁ አለኝ። እስካሁን አልደወለም።