ትከሻ ምን ያወራል? ስለ ሀኮሚ ሥልጠና ጠይቁኝ

አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለኝ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ሀኮሚ የሚባለውን፣ ሰውነትን በጥሞና በማዳመጥ ላይ የቆመ የምክር ዘዴ ሁለት ዓመት ሠልጥኛለሁ።

ጥያቄ፦ ማን ጀመረው?

መልስ፦ ሮን ከርትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ በ1970ዎቹ። ተቋሙ በ1981 ቦልደር፣ ኮሎራዶ ተመሠረተ። «ሀኮሚ» የሚለው ቃል ግን የሆፒ ሕዝብ፣ ማለትም የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ትማራላችሁ? መተንፈስ?

መልስ፦ እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ! ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ተመልካች። ባለጉዳዩ ዐይኑን ጨፍኖ ውስጡን ያዳምጣል። አማካሪው አንዲት አጭር ነገር ቀስ ብሎ ይናገራል። ከዚያ ዝም። «ልክ ነው ወይ?» አይልም። «ስትሰሚው ምን ተሰማሽ?» ነው የሚለው።

ለእኔ የደረሰችኝ «አሁን ማረፍ ትችያለሽ» የምትል ነበረች። ትከሻዬ ሽቅብ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ ሳላዘው። አማካሪዬ «ዝቅ አድርጊው» አላለችኝም። አስፈቅዳኝ ትከሻዬን ከሥር ደግፋ ያዘችልኝ። ሸክሙን ስትይዝልኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። እንግዳ ሳይሸኝ ቁጭ ብላ አታውቅም። ለካ እኔም እስከዛሬ እንግዳ እየሸኘሁ ኖሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሜዲቴሽን ከሆነ ይቅርብኝ?

መልስ፦ የሚደገም ቃል የለም፤ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ የሚሰማሽን ማስተዋል ነው። ከርትዝ ከእስያ እምነቶች፣ ከቡድሂዝምና ከታኦይዝም መውሰዱን ግን አልደብቅሽም። ቅር ካለሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

ጥያቄ፦ ሰርተፊኬቱን ይዤ ቢሮ ልክፈት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አማካሪ ለመሆን ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ነው። ማስተርስ፣ ክትትል ያለበት ሥራና ፈተና ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በጥናት ተረጋግጧል?

መልስ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሀኮሚ ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 ማሳቹሴትስ የጀመረው፣ በጥሞና ማስተዋልን የሚያስተምር የስምንት ሳምንት ኮርስ ግን በብዙ ተፈትሿል። ከእሱ የወጣውና ለሚመላለስ ድብርት የሚሰጠው ሕክምናም እንደዚሁ። የሀኮሚ ጥናት ጥቂት ስለሆነ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ «መድኃኒቱን ተወው» አልልም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ይሆናል?

መልስ፦ እንዴታ! አንዳንድ ባለጉዳዮቼ ስሜታቸው የቱ ጋ እንዳለ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የኛ ሰው ግን ገና ሲቀመጥ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተቃጠለ» ይለኛል። የሚከብደኝ ሌላ ነው። «ምን አለ እዛ ሆድ ውስጥ?» ስል፣ «ተይው፣ ሆድ ይፍጀው» ይለኛል።