ከአየር ማረፊያ ውጭ ለምታርፉ ጀማሪ የግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) አብራሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ አንዷ «ከማረፊያው ርቄ ከፍታ ቢያልቅብኝ የትኛው ማሳ ላይ ልረፍ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ አንድ የቆየ ቁስል ነካ። እሷ የጠየቀችው ስለ ማሳው ነው፤ በጊዜው ልንነግረው ሲገባ ሳንነግረው የቀረነው አንድ አብራሪ ግን የወደቀው ጥሩ ማሳ ከሥሩ እያለ ነው።

ማሳው የታጨደ፣ ሰፊ፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ የተዘረጋ ነበር። 600 ሜትር ላይ ደህና አካባቢ መፈለግ፣ 450 ላይ አንድ ማሳ ቆርጦ መምረጥ፣ 300 ላይ ደግሞ የማረፊያውን ዙር መጀመር ነበረበት። 450 ላይ ግን ደካማ ተርማል (ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር) አገኘና ይዞርበት ጀመር። ከፍታው አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ እሱ ተስፋ ሲያደርግ ነፋሱ በእያንዳንዱ ዙር ከማሳው እያራቀው ሄደ። ተስፋ ሲቆርጥ 200 ሜትር ላይ ነበር።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ መሬቱ ቀረበበት። ክንፉን በደንብ ማዘንበል ፈራ፤ አፍንጫው ቶሎ እንዲዞር የውስጠኛውን ፔዳል ረገጠ፤ መሬቱ ሽቅብ ሲመጣበት ደግሞ የመቆጣጠሪያ ዘንጉን ወደ ራሱ ሳበ። ከመታጠፊያው ውስጥ በኩል ያለው ክንፍ ቀርፋፋ ስለሆነ ቀድሞ ስቶል ያደርጋል፤ ማለትም አየሩ ክንፉን ደግፎ መያዝ ያቅተዋል። ግላይደሩ በዚያው ክንፍ ተገልብጦ ስፒን ገባ፤ እየተሽከረከረ ቁልቁል ወረደ። ከስፒን የሚወጡበትን መንገድ በሚገባ ያውቅ ነበር፤ 60 ሜትር ላይ ግን እውቀቱን የሚጠቀምበት ከፍታ አልነበረውም። ነፍሱ ተረፈች፤ አከርካሪው ተሰበረ።

ስለዚህ ፍጥነታችሁን አታጉድሉ። ክንፉን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ሲበር በ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስቶል የሚያደርግ ግላይደር፣ 45 ዲግሪ አዘንብሎ ሲታጠፍ 83 ላይ ስቶል ያደርጋል። ለማረፍ ስትቀርቡ የስቶሉን ፍጥነት አንድ ተኩል እጥፍ አድርጉና የነፋሱን ፍጥነት ግማሽ ጨምሩበት፤ ለዚህ ግላይደር ነፋሱ 20 ከሆነ 115 መያዝ ማለት ነው። ፍጥነቱ ከበዛ ኤር ብሬክ (ከክንፉ ላይ የሚወጣው ማዘግያ) ያወርደዋል፤ ያነሰውን የሚተካ ሞተር ግን የላችሁም።

የዛሬ ልጆች ዓይናችሁ ከስክሪን አይነቀልም። ስክሪኑ የመንሸራተቻ ርቀቱን ያሰላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን አያይም። እናንተም ሽቦውን አታዩትም፤ ምሰሶውን ፈልጉ፤ መንገድ ዳርና በሁለት ቤቶች መካከል ሽቦ አለ ብላችሁ ተነሡ።

ከላይ ቁጥር ደርድሬ ሳበቃ ቁጥሩን አትመኑ ማለቴ ይገርማችሁ ይሆናል። የከፍታ መለኪያው የተነሣችሁበትን ሜዳ ዜሮ ብሎ ከተሞላ፣ የምታርፉበት ማሳ 150 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን 450 የሚለው 300 ነው። ከፍታን በዓይን መገመትን ዓይናችሁን አለማምዱ።

የማሳው ተዳፋትነት ከአየር ላይ ከታያችሁ በጣም የበረታ ነውና፣ ነፋሱ ከኋላ በቀስታ ቢገፋም ሽቅብ እረፉ። በማሳው መግቢያ ላይ 15 ሜትር ዛፍ ካለ 150 ሜትር ያህል ማሳ በልቶባችኋል። ትልሙን ተከተሉ። ረጅም አዝመራ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ የአዝመራውን ጫፍ እንደ መሬት ቁጠሩ፤ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ከተያዘ ግላይደሩ በድንገት ይሽከረከራል፣ ጭራውም ይቆረጣል።

ያው መሽከርከር ግን አንድ ጊዜ ያድናል። መሬት ላይ እየተንከባለላችሁ የሽቦ አጥር ከፊት ከመጣና ብሬኩ ካልበቃ፣ አንዱን ክንፍ መሬት አስነኩ፣ በዚያው በኩል ፔዳሉን ርገጡ፣ ጭራው እንዲነሣ ዘንጉን ወደ ፊት ግፉ። ግላይደሩ ይጎዳል፤ ሽቦው ግን አንገታችሁ ጋ አይደርስም።