ለምታስታምሙ ልጆቼ

ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፦ «ጓንት ማጥለቅ፣ ውኃ አፍልቶ መጠጣት እምነት ማጣት አይሆንብንም?» አይሆንባችሁም። ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ማን እንደ ነበር ታውቃላችሁ፤ ያውም ጥቅስ ጠቅሶ። የተሰጠው መልስ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነው። በዚህ ላይ ሌላ ክርክር አልጨምርም።

የኔ ሙያ ሳኒታሪያንነት ነበር። በአጭሩ ምንጭ ማጎልበትና መጸዳጃ ማስቆፈር ማለት ነው፤ ክብር የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም። እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954፣ ደንቢያ ላይ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብሮ የሚያሠለጥነው በቡድን እንዲሠሩ ነበር። ወረርሽኝን ሐኪም ብቻውን እንደማያቆመው ያኔም የታወቀ ነው። ስለዚህ «እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም» ብላችሁ አትቅሩ፤ ውኃ የሚያመላልስ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ሁልጊዜ ይጎድላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ፈውስ ፍለጋ ከየአገሩ የሚተመው ሕዝብ ብዙ ነው፣ አገሩ ቆላ ነው፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ አንዱ በእምነቱ ይሰናከላል፤ ሌላው «ጠበል በሽታ አያመጣም» ብሎ ጤና ሠራተኛውን ይቆጣል። ለኔ ሁለቱም ስተዋል። ጫማችንን አውልቀን የምንገባባት፣ ንዋየ ቅድሳቷን ማንም እንዲነካው የማትፈቅድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን። ጠበሉን ያከበረ ሰው ከምንጩ በላይ አይጸዳዳም፣ ባልታጠበ እጁም ጣሳ አይነክርበትም። በሽታውን የምናመጣው እኛ ነን፣ በዓይነ ምድራችን።

እንዲህ ያለ ቦታ ለማገልገል ብትሄዱ ሰው ሁሉ በየዕቃው እንዳይቀዳ አድርጉ፤ ቧንቧ ያለው በርሜል ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ይቅዳ። መጸዳጃው ከምንጩ በታችና ራቅ ብሎ ይቆፈር። ሳሙና ካጣችሁ አመድም ይሆናል። ማስታወቂያውን ግን እናንተ አትናገሩት፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ይናገሩት። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ ይችላሉ ማለታቸው እኛ ባለሙያዎች ስንለፈልፍ ከኖርነው ይልቅ ለምእመኑ ይቀርባል።

ኮሌራ ከጠና በሰዓታት ይገድላል፤ በወቅቱ ፈሳሽ ካገኙት መካከል ግን ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞትም። ስለዚህ ቶሎ ማጠጣት ነው። በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት፣ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢቱ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። እሱ ከታጣ በ1 ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ቢያስመልሰው ጥቂት ቆይታችሁ በማንኪያ ቀጥሉ፤ ጤና ጣቢያ እስኪደርስም አታቋርጡ። «ጾም ነው፣ አልቀምስም» የሚል ታማሚ ያጋጥማችኋል። እሱን በክርክር አታድክሙት፣ የንስሐ አባቱን ጥሩለት። አባቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሚታሙት በላይ አስተዋዮች ናቸው።

የታማሚ አልጋ ግን የስብከት ቦታ አይደለም። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን በዘይትና በወይን ጠጅ አጠበ፣ አሸክሞ ወሰደ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ሁለት ዲናር ከፈለ፤ የወደቀውን ሰው ሃይማኖት ሲጠይቅ አናይም። የአዘዞ ሙስሊምም ሆነ የቆላ ድባ ገበሬ ቢታመም የሚፈልገው ያው ውኃና ያው ንጹሕ ጨርቅ ነው። ስልካችሁንም አስቀምጡት! በራሱ ትውከት የተበላሸ ሰው ፎቶ ለጥፎ «አገልግሎት ላይ ነን» ማለት እኔን ያሳፍረኛል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ገነዛው ነው። በኮሌራ የሞተ ሰው ሬሳ በሽታውን ያስተላልፋል፤ አጥበው የገነዙት ሰዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ ለለቅሶተኛው እንጀራ ካቀረቡ አንዱ ቀብር ሌላ ቀብር ይጠራል። ወረርሽኙ ሳይመጣ ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገሩበት፤ የሚገንዝ ሌላ፣ ምግብ የሚያቀርብ ሌላ ይሁን። ጓንትና ክሎሪንም ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። ሰው ሐዘን ላይ እያለ ይህን አዲስ ነገር ብትነግሩት አይሰማችሁም፤ አሁን ግን ይሰማል።