ፊርማ ከማሰባሰባችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዳላስ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ አዲስ አበባ ለሚኖሩ አንድ አንጋፋ አርቲስታችን ቀን እንዲሰየምላቸው ፊርማ እያሰባሰበች ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነበሩ። ደብዳቤውን እንዴት እንጻፈው? ቴክሳስ ለካውቦዩ አክተር ለጆን ዌይን ቀን ሰጥታ የለ?" አለችኝ። ፈርሜ ሸኘኋት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እውነቷን ነው። የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ሜይ 26ን የጆን ዌይን ቀን ብለውታል። የልደቱ ቀን ነው፤ በእኛ ግንቦት 18። እንቅልፌን የነሱኝ ግን የእሱን ፊልሞች ያሳዩን የነበሩት ሰው ናቸው።

ልጆች ሳለን ስሙኒ ከተገኘች ፒያሳ ነን። የካውቦይ ፊልም ከሆነማ ማን ሊይዘን! "አክተር አይሞትም" የሰፈራችን ሕግ ነበር። ጎረቤታችን የአንዱ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። አንድ ቀን ማሽን ክፍሉ ውስጥ አስገቡኝ። ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል። ማሽኑ ውስጥ እርሳስ የሚያካክሉ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ይነዳሉ። ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። እየነደዱ ሲያጥሩ በእጃቸው ያቀራርቧቸዋል። "እዚያ ጥግ ላይ እይ" አሉኝ። ከስክሪኑ በላይ በስተቀኝ አንዲት ክብ ነጥብ ብልጭ ብላ ጠፋች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን አስነሱ። ነጥቧ ድጋሚ ብልጭ ስትል ቀየሩ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አላወቀም። አንዱ ጥቅል የሚሄደው ሃያ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ በየሃያ ደቂቃው ይሄው ነው። "እኔ ፊልም አይቼ አላውቅም፤ የማየው ነጥብ ነው" ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. እኔ ጋዜጠኛ ሆኛለሁ፤ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ና እንጂ፣ የማጫውትህ አለኝ" ይሉኛል። "እሺ፣ የፊታችን ቅዳሜ" እላለሁ። ቴፕ ነበረኝ። ባዶ ካሴት ነበረኝ። ቤታቸው ከእኛ አራተኛው በር ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ስብሰባ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ዝናብ አለ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በራቸው ላይ የእድር ድንኳን ተተክሎ አየሁ።

ከዚያማ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ፣ አሳምሬ። ጋዜጣውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ ልጃቸው ለእናቷ አነበበችላቸው። ሴትየዋ ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ ቀና አሉና "ይሄን እሱ ሰምቶታል?" አሉኝ።

ጆን ዌይን በዚህስ ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ካንሰር ይዞት አንድ ሳንባው ወጥቶለት ነበር። በሽታው በሆዱ ተመልሶ መጣ። በሜይ 1979 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በአምስት ፊልም አብራው የሠራችው ሞሪን ኦሃራ ኮንግረስ ፊት ቀርባ ሜዳሊያ እንዲሰጠው ተማጸነች። "ጆን ዌይን፣ አሜሪካዊ" ተብሎ ይቀረጽበት አለች። ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን የፈረሙት በ72ኛ ዓመት ልደቱ ቀን ነው። ከ16 ቀን በኋላ አረፈ። ሜዳሊያውን የተቀበሉት ቤተሰቦቹ ቢሆኑም፣ ሲፈረም በሕይወት ነበር።

ስለዚህ ፍጠኑ እላችኋለሁ። መልሼ ደግሞ አትቸኩሉ እላለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሄው ቀን እ.ኤ.አ. በ2016 ለምክር ቤት ቀርቦ 35 ለ19 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1971 ለአንድ መጽሔት፣ ጥቁሮች ተምረው ለኃላፊነት እስኪበቁ ድረስ በነጭ የበላይነት እንደሚያምን ተናግሮ ነበር። ይሄንን ያነበብኩት አርጅቼ፣ እዚሁ ቴክሳስ ተቀምጬ ነው። ደረቴን ነው የመታኝ። ቀይ ሕንዶቹ ከፈረስ ሲወድቁ ያጨበጨብነው ትዝ አለኝ። ፊልሞቹን ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ቃሉም ያመኛል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ ያን ቀን ካሊፎርኒያ ብሆን እንዴት ድምፅ እንደምሰጥም አላውቅም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ስም አትሳቱ ምናምን የሚለውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ግን የዛሬ ልጆች አንድ ነገር ታናድዱኛላችሁ። ሰው ሲሞት ፕሮፋይላችሁን በሻማ ለመቀየር የሚቀድማችሁ የለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ከእኔ ቴፕ መቶ እጥፍ ይሻላል፤ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ግን የለበትም። በእኔ ዘመን ለታላቅ የበለጠ ጊዜ ነበረን። እኔ ራሴ ግን ለአራተኛው በር አልነበረኝም።

በነጋታው ልጅቷ ጋር ደወልኩ። "አርቲስቱን አናግራችኋቸዋል?" አልኳት። "አይ ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ ልናደርጋቸው ነው" አለችኝ።

ሰርፕራይዙ ይቅርባችሁ ልጄ። እዚህ ሲነጋ እዚያ ቀኑ ተጋምሷል፤ ሳይተኙ ጠዋት ቀድማችሁ ደውሉላቸው።