የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ እሑድ የሞላው ልብ ማክሰኞ ለምን ይጎድላል?

የተከበሩ መምህር፣

የጤና ሰላምታዬ ይድረስዎ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ እምብዛም በማይርቅ ሰፈር ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፈራችን ሲነሣ ከእናቴ ጋር ከከተማዋ ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ መሥሪያ ቤቴ ግን ለገሃር አካባቢ ስለሆነ በየቀኑ ሁለት ታክሲ እየቀያየርሁ እመላለሳለሁ። እናቴ ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ይደረግላታል፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እሑድ ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣ ልቤ ሙሉ ነው። ማክሰኞ እናቴን ይዤ ሆስፒታል ወረፋ ስጠብቅ ግን ያ ሁሉ ብርታት የት እንደገባ አላውቅም። በየማለዳው በቴሌግራም የሚላኩልኝን ጥቅሶች አነባለሁ፤ «አሜን» ብዬ እመልሳለሁ፤ ከልቤ ግን ጠብ አይልልኝም። ከጓደኞቼ አንዷ «እምነትሽ ቢጎድል ነው» አለችኝና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት እምነቴ ጎድሎ ይሆን? በየቀኑ የሚያበረታ ተስፋስ ከወዴት ይገኛል?

ከለገሃር

መልስ፦

እኅቴ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ የጎደለ እምነት አላየሁም፤ ያየሁት የደከመ ሰው ነው። ሁለቱን ማምታታት በእኛ ምእመናን ዘንድ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ ጓደኛሽም በክፋት ሳይሆን ከዚሁ ልማድ የተነሣ እንደተናገረችሽ እገምታለሁ።

ከማክሰኞው ጉድለት ልጀምር። እስራኤል በምድረ በዳ በተራቡ ጊዜ እግዚአብሔር መና ከሰማይ አወረደላቸው፤ ነገር ግን ለወር ወይም ለዓመት የሚበቃ ጎተራ ሞልቶ አልሰጣቸውም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደተጻፈው ለእያንዳንዱ ሰው የታዘዘለት ለአንድ ቀን አንድ ጎሞር (የእህል መስፈሪያ) ብቻ ነበር፤ የሰንበቱን ጨምረው እጥፍ ከሚሰበስቡበት ከስድስተኛው ቀን በቀር፣ ለነገ ብለው ያሳደሩት ሁሉ በማግሥቱ ተልቶና ሸትቶ ይገኝ ነበር። ይህ ሥርዓት አርባ ዓመት ቆየ። በእነዚያ አርባ ዓመታት ትናንት በልቶ ጠግቦ ሳለ ዛሬ በመራቡ ብቻ የተወቀሰ ሰው አናነብም፤ ሙሴ የተቈጣው ለነገ ባስቀመጡት ላይ ነው። አንቺም «አባታችን ሆይ» በምትዪበት ጊዜ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ትያለሽ እንጂ «ለሳምንቱ» አትዪም። እንግዲህ የእሑዱ ቅዳሴ በማክሰኞ ማለቁ የቅዳሴው ድካም አይደለም፤ የአንቺም ዕቃ ቀዳዳ ኖሮበት አይደለም። የእሑድ ድርሻ ስለነበረ በእሑድ ተበላ፤ ማክሰኞ የራሱን ድርሻ ይፈልጋል።

አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያወቁ ይመስለኛል። ውዳሴ ማርያምን ተመልከቺ፤ ለሰባቱም ቀናት ተከፋፍሎ የተሰጠ ጸሎት ስለሆነ የማክሰኞው ከሰኞው ይለያል። እናትሽ በቃሏ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙ የፒያሳ እናቶች ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲደግሙት የኖሩ ናቸው። በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ስትጠብቁ እርሷ በለሆሳስ የማክሰኞን ብትደግም፣ አንቺም ብትከተያት፣ ምናልባት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስድ ይሆናል። ዓለምን የማሸነፍ ስሜት እንደማይሰጥሽ አስቀድሜ እነግርሻለሁ፤ ለዚያ ቀን የሚበቃ ጎሞር ግን ይሆናል።

ስለ ቴሌግራሙ ጥቅስ ደግሞ አንድ ነገር እንድናገር ፍቀጂልኝ። በየማለዳው ከሚዘዋወሩት ጥቅሶች አንዱ ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 የተወሰደው፣ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላም አሳብ እንደሆነና ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጣቸው የሚናገረው ቃል ነው። እጅግ የሚያጽናና ቃል ነው። ነገር ግን ከአበባ ሥዕል ጋር ተቈርጦ ሲላክ የሚቀርበት ነገር አለ፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ይህ የሚሆነው በባቢሎን ሰባ ዓመት ከተፈጸመ በኋላ እንደሆነ ይናገራል። ይህ የኤርምያስ ደብዳቤ የተጻፈው ከሰፈራቸውና ከመቅደሳቸው ለተነቀሉ ምርኮኞች ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሐሰተኞች ነቢያት «በቅርብ ትመለሳላችሁ» እያሉ ያጽናኗቸው ነበርና ኤርምያስ ያንን ተቃወመ። በምትኩ የነገራቸው ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነው። (አዲሱ ሰፈርሽ ባቢሎን ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ ደወል ርቆ መንቃት ግን ለፒያሳ ልጅ ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ።) ያ ጥቅስ ከልብሽ ጠብ ያላለው ልብሽ ስለደነደነ ሳይሆን፣ ሰባው ዓመትና አትክልቱ ተቀንሶለት ስለሚደርስሽ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ በቀን አምስት ጥቅስ ከማንበብ ይልቅ፣ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ይሻልሻል።

በዚሁ ቁጥር «ተስፋ» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ትቅዋ» ነው። ይኸው ቃል በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 2 ሌላ ቦታ ይገኛል፤ በዚያ ግን የሚያመለክተው የእስራኤልን ሰላዮች የሸሸገችው የኢያሪኮዋ ረዓብ በመስኮቷ ላይ ያሰረችውን የቀይ ፈትል ገመድ ነው። እኛም በአማርኛችን «ተስፋ ቈረጠ» ስንል ሳናስተውለው ተስፋን እንደ ገመድ እንቈጥረዋለን፤ የሚቈረጠው ገመድ ነውና። የረዓብን ነገር ልብ በይ፤ ኢያሪኮ ስትከበብ፣ ቅጥሯም ሲናድ፣ እርሷ የነበራት በመስኮት የተንጠለጠለ አንድ ፈትል ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት እጇ አልተንቀጠቀጠም፣ ልቧም አልፈራም የሚል ነገር አልተጻፈም። የዳነችው ፈትሉን አጥብቃ ስለጨበጠች ሳይሆን፣ ቃል የገቡላት ሰላዮች ቃላቸውን ስለጠበቁ ነው። አንቺ ማክሰኞ ዕለት ስሜትሽን መርምረሽ «ተስፋዬ አለ ወይስ የለም?» ብለሽ የምትለኪው ከሆነ፣ የገመዱን ያንዱን ጫፍ ብቻ እያየሽ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በደብዳቤሽ ስለ እድራችሁና ስለ ጎረቤቶቻችሁ አንዲት ቃል አልጻፍሽም። ሰፈሩ ሲነሣ እነርሱም ወደየአቅጣጫው ተበትነው ይሆናል፤ ቀድሞ እናትሽ ስትታመም ገንፎ ይዘው የሚመጡት፣ «ዛሬ እኔ ልውሰዳት» የሚሉት ሰዎች አሁን በከተማዋ ሌላ ጫፍ ናቸው። እኔ እንደማምነው የአንቺ ጉድለት ከእምነትሽ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ሙሴ ከአማሌቅ ጋር ውጊያ በሆነበት ቀን እጆቹን ለጸሎት አንሥቶ ሳለ ደከሙበት፤ መጽሐፉ ይህን ሳያፍር ይጽፈዋል። አሮንና ሖር ግን «ነቢይ ሆነህ እንዴት ትደክማለህ?» አላሉትም፤ ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡትና አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እጆቹን ደገፉ። የዕብራውያን መልእክትም በምዕራፍ 3 ቁጥር 13 በእያንዳንዱ ቀን እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ ሲል፣ የየቀኑን ብርታት ለብቻችን እንድናመርተው ሳይሆን ከሌላ ሰው እጅ እንድንቀበለው ማዘዙ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሁለት ሰዎች ደውዪ። አንዷ የድሮ ጎረቤታችሁ ትሁን፤ «በወር አንድ ማክሰኞ እማዬን ይዘሽልኝ ትሄጂያለሽ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። በጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል በ23 ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብትጠብቂ ከቀድሞ ሰፈርተኞችሽ አንዱን ሳታገኚ እንደማትመለሺ እገምታለሁ። ሁለተኛዋ ያቺው «እምነትሽ ጎድሏል» ያለችሽ ጓደኛሽ ትሁን፤ ከእናትሽ ጋር ሁለት ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላ ብትመለስ ንግግሯ ይለወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ ማጣቱና ኀዘኑ ያለ ዕረፍት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈየ፣ እናትሽን ለኩላሊቷ እንደምትወስጃት ሁሉ አንቺም ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ለዚህ በአማኑኤልም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች ባለሙያዎች አሉ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ ያቀረበለት ስብከት ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነው፤ በልቶም ተመልሶ ተኛ፤ ማንም አልነቀፈውም።

*

የተከበሩ መምህር፣

ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ሲሆን ጡረታ ወጥቼ አራት ኪሎ እኖራለሁ። ጎረቤቴ ወጣት ልጁን በመኪና አደጋ አጣ። ለቅሶ ቤት ስገባ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ከማለት በቀር አንደበቴ አልከፈት አለኝ፤ እርሱም ቀና ብሎ አይቶኝ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በሄድሁ ቍጥር የምናገረው እያጣሁ ነው። ክርስቲያን ለክርስቲያን ምን ብሎ ያጽናናል?

ከአራት ኪሎ

መልስ፦

አባቴ፣ አንደበትዎ ስላልተከፈተ አይዘኑ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ኀዘኑ እጅግ ከባድ እንደሆነ አይተው ነበርና። እነዚያ ሰዎች በመላው መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ መልካም ያደረጉት በእነዚያ ሰባት ቀናት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ የተናገሩትን እግዚአብሔር ራሱ በመጨረሻ ተቈጥቶበታል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ አለ እንጂ ለሚያለቅሱ አስረዱ አላለም።

ልማዳችን ደግሞ በዚህ ረገድ ጥበብ አለው፤ ሠልስቱ፣ ዐሥራ ሁለተኛው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ ሐዘንተኛ እንዳይረሳ የተቀመጡ ምልክቶች ናቸው። ክፍተቱ በመካከላቸው ነው። ድንኳኑ ከፈረሰና ከአርባው በኋላ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይመለሳል፤ አባትየው ግን ማታ ማታ የልጁን ኮቴ በደረጃው ላይ ይጠብቃል። እርስዎ ጡረተኛ ነዎት፤ ጊዜ አለዎት፤ ይህ ደግሞ ሌሎቹ የሌላቸው ሀብት ነው። በአርባ አንደኛውና በሃምሳኛው ቀን ይሂዱ፤ ቡና ይጠጡ፤ የልጁንም ስም ይጥሩት። ብዙ ሰው ሐዘንተኛውን እንዳያሳዝን ብሎ የሟችን ስም ይሸሻል፤ አባት ግን የልጁ ስም ሲጠራ መስማት ይፈልጋል። «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚለው ቃልም ባዶ አይደለም፤ ጸሎት ነውና። ብቻ ተናግረውት አይነሡ፤ ተናግረውት ይቀመጡ።

*

መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ በታክሲ እመላለሳለሁ። ዳዊት መድገም ብጀምር ደስ ይለኛል፤ በየቀኑ የሚደገመው ግን በዛብኝ። ከየት ልጀምር?

ከስድስት ኪሎ

መልስ፦

ልጄ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ የሚሄደው ሥርዓት ለለመዱት ሰዎች የተሠራ ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። አንተ «የመዓርግ መዝሙር» የሚል ርእስ ካላቸው ዐሥራ አምስት መዝሙሮች ጀምር፤ ከ120 እስከ 134 ያሉት ናቸው፤ በግእዙ ቍጥር ከ119 እስከ 133 ታገኛቸዋለህ። ወደ ኢየሩሳሌም ለበዓል የሚወጡ መንገደኞች ይዘምሯቸው ነበር ይባላል። አብዛኞቹ ከዐሥር ቍጥር አይበልጡም፤ ታክሲው አድዋ ድልድይ ሳይደርስ አንዱን ትጨርሳለህ። ከእነርሱ በፊት ያለውን ረጅሙን መዝሙር ግን ለአሁን እለፈው፤ 176 ቍጥር አለውና ለክረምት ዕረፍትህ ይቈይልህ።