ጥያቄና መልስ፦ የጎሮ ሰማይና የ11 ሰዓት ትራንዚት

ጥያቄ

«ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ቤቴ ጎሮ ነው። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ያልፋል። ልጄ አሜሪካ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። የሄደችው በሌሊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጋቢዬን ደርቤ ደጅ እወጣና ሲያልፉ አያለሁ። አንዳንድ ሰሞን ከቦሌ ተነስተው እየወጡ በላያችን ይሄዳሉ። አንዳንድ ሰሞን ደግሞ ጎማቸውን አውጥተው እየወረዱ ይመጣሉ። ይህ ለምን ይሆናል? ማታ ላይስ ለምን ይበዛሉ? በጨለማ የሚመጣውንና የሚሄደውን በምን ልለይ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከበድ ይላል። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጄን ልጠይቅ ስሄድ መንገድ መሀል ባለ ሰው አገር ኤርፖርት 13 ሰዓት ቁጭ አልኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ወንበሩ በብረት ስለተከፋፈለ ጋደም አይባልበትም። ጾም ነበር። ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለ ስለማላውቅ ምንም አልቀመስኩም። አውሮፕላኑ ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈርቼ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም። የቦርሳዬን ማንጠልጠያ እግሬ ላይ አሰርኩና ጠበቅኩ። አሁን ልጄ እንደገና ቲኬት ቆርጣልኛለች፤ 11 ሰዓት ትራንዚት አለው። ጉልበቴን ያመኛል። ቅር እንዳይላት ብዬ ዝም አልኩ እንጂ መንገዱን ፈርቼዋለሁ። ምን ትመክረኛለህ ልጄ?»

የጎሮዋ እናት

መልስ

እማማ፣ ከደጅዎ ልጀምር።

አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ ይሰጣል። ነፋስ ከፊት ሲመታው ክንፉ ቶሎ ይሸከመዋል፤ ሲያርፍም ቶሎ ይቆማል። የቦሌ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ገደማ የተዘረጉ ናቸው። ጎሮ በምሥራቁ ጫፍ በኩል ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ ወደ እናንተ እየተነሱ ይመጣሉ። ከምዕራብ ሲነፍስ ደግሞ በእናንተ በኩል ገብተው ያርፋሉ። ስለዚህ ደጅ ቆመው አውሮፕላኖቹን ሲያዩ የነፋሱንም አቅጣጫ እያዩ ነው።

ማታ የሚበዙት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ንግድ ነው። ከአፍሪካ ከተሞች የመጡት መንገደኞች አመሻሽ ላይ ቦሌ ይሰበሰባሉ፤ ሌሊት ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ ይበተናሉ። ጠዋት ደግሞ ግልባጩ ነው። ሁለተኛው ከፍታችን ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን እንደልቡ አይሸከምም፣ ሞተርንም አያጠግብም። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ይብሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ጠንከር ስለሚል፣ ከባድ ጭነት ይዞ ሩቅ ለሚሄድ አውሮፕላን ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገርም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ይቀዳል። ባለፉት ዓመታት ሮም ላይም፣ ደብሊን ላይም ቆሞ ያውቃል። ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ይነሳል። ከእኛ ከፍታ ግን ያንን ሁሉ ማንሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ከፊት ይገፋዋል።

በጨለማ የሚለዩት በመብራቱ ነው። የአውሮፕላን የግራ ክንፍ ጫፍ ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ፣ ከኋላው ነጭ ነው። ቀዩ በእርስዎ ቀኝ፣ አረንጓዴው በግራዎ ከታየ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሯል፤ እየመጣ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ጠፍተው የኋላው ነጭ ብቻ ከታየ ጀርባውን ሰጥቶዎታል። ለልጅ ልጅዎ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጠው። ስልኩ ላይ ፍላይትራዳር24 የሚባለውን ይጫን። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ እያሳወቁ ይበራሉ። መሬት ላይ ያሉ መቀበያዎች ያንን ይሰበስባሉ። በላያችሁ የሚያልፈውን ስልኩ ላይ ሲነካው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ያነብልዎታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ደብዳቤዎን ሳነብ የቦርሳዋ ማንጠልጠያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ ኤርፖርት ሰባት ዓመት ዊልቸር ገፍቻለሁ። በፈረቃዬ ከነበርነው ብዙዎቻችን ሐበሾች ነበርን። አንድ ሌሊት ሥራ ልጨርስ ስል፣ መብራቱ ግማሹ የጠፋ ጌት (የመሳፈሪያ በር) ጋ ነጠላ የለበሱ እናት ብቻቸውን ተቀምጠው አየሁ። ቦርዲንግ ፓሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል። ወረቀቱ በላብ ርሶ ጽሑፉ ለቋል። «እማማ፣ ሐበሻ ነዎት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና በመስኮቱ በኩል አንዱን አውሮፕላን በጣታቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ የኔ ያ ነው አይደል?» አሉኝ።

አልነበረም። የሳቸው ጌት ከተቀየረ ሦስት ሰዓት አልፎታል። አውሮፕላናቸውም ሄዷል። ስማቸውን በድምፅ ማጉያ ደጋግመው ጠርተዋል። እሳቸውም ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ደህና ነው። ግን ጠሪዋ ስማቸውን በእንግሊዝኛ አፍ ስትጠራው የሳቸው ስም መሆኑን አላወቁም። «አንዲት ሴት ደጋግማ ስትጠራ ነበር፤ አሳዘነችኝ፤ ምን ሆና ይሆን እያልኩ ነበር» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልጠጡም ነበር። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ስላላወቁ ነው። ከተቀመጡበት ሃያ እርምጃ አይሞላም።

እናም እማማ፣ ያን ጊዜ የደረሰብዎት የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ፈሪ ስለሆኑም አይደለም። ያ አዳራሽ የተሠራው ማንበብ ለሚችልና ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ነው። እርስዎን የሚያግዝ ሰው ቀድሞ መዘጋጀት ነበረበት። ይህ ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለልጅዎ ያስነብቡላት።

መጀመሪያ ዊልቸር ታስይዝልዎት። በነፃ ነው። ለአየር መንገዱ ቢያንስ ከጉዞው 48 ሰዓት ቀደም ብላ ትንገር፤ ሲመዘገብም እስከ መጨረሻው ከተማ ድረስ ይሁን። «እኔ መራመድ እችላለሁ፣ የባሰበት ሰው እያለ» ብለው እንዳያፍሩ። ጉልበትዎን ያምዎታል፤ ትልልቅ ኤርፖርት ውስጥ ከጌት ጌት ያለው መንገድ ደግሞ ረጅም ነው። በሥራው ስለነበርኩ አንድ ነገር ልጨምር። የሚገፋዎት ሰው መጠበቂያው ጋ አድርሶዎት ይሄዳል። ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ ሰው ይረሳል። ከመሄዱ በፊት ስንት ሰዓት ላይ ተመልሶ እንደሚመጣ ወረቀት ላይ ያጽፉት። ሽንት ቤቱን በጣት እንዲያሳይዎት ያድርጉ። የሚያስቀምጥዎት ሠራተኛ ካለበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይሁን፤ ጥግ ላይ አይሁን። ጉርሻ ካልሰጠሁ ብለው አይጨነቁ፤ ግዴታ የለብዎትም።

ሁለተኛ፣ ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ይህን አጥብቃ ትይ። ቲኬቱ ላይ ስድስት ምልክት ያለው ኮድ አለ፤ ፊደል ብቻ ወይም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ እስከ መጨረሻው ድረስ ኮዱ አንድ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት አየር መንገዱ ሌላ ላይ ያሳፍርዎታል። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው ድርጅት «አልመጡም» ብሎ ሊሰርዝዎት ይችላል። ሻንጣዎንም መሀል ላይ ወጥቶ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ ሊመጣ ነው። ለዚያ ደግሞ የዚያ አገር መግቢያ ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ እባካችሁ ለእናታችሁ ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ቲኬቶች አትግዙ። ለራሳችሁ ግዙ፤ ወጣት ናችሁ፣ ቋንቋውን ታውቃላችሁ። ዋጋው ቀነሰ ተብሎ እናት ሌሊቱን በሰው አገር ወንበር ላይ አትጣልም። በዚያው ደግሞ ቪዛውን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ለማለፍ፣ ከአዳራሹ ሳይወጣም እንኳ፣ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። እማማ የአሜሪካ ቪዛዎ ቀኑ ካላለፈ በዚህ አይጨነቁ።

ሦስተኛ፣ ለ11 ሰዓቱ ማረፊያ ይፈለግ። ረጅም ትራንዚት ሲሆን ሆቴል የሚሰጡ አየር መንገዶች አሉ፤ ግን ቀድሞ የጠየቀ ነው የሚያገኘው። ትልልቆቹ ኤርፖርቶች ውስጥ ደግሞ ሳይወጡ በሰዓት የሚከፈልበት መኝታ አለ። ስድስት ሰዓት ጋደም ማለት ለእርስዎ ቅንጦት አይደለም። ልጅዎ ይህን ሒሳብ ቲኬቱ ላይ ከቆጠበችው ገንዘብ ጋር ታስተያየው።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ቲኬት ላይ 22፡40 የሚለው የእኛ ከምሽቱ 4፡40 ነው። ከዚህ የሚብሰው ቀኑ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ቲኬቱ «የ15ኛው ቀን፣ 00፡30» ካለ፣ ከቤት የሚወጡት በ14ኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው። «የ15 ማታ ነው» ብለው ሲዘጋጁ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ትራንዚት የሚያደርጉበትም አገር ሰዓት ሌላ ነው። የልጅ ልጅዎ ሦስቱንም ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሮ በአማርኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፍልዎት፦ ከቦሌ የሚነሱበት፣ መሀል የሚደርሱበት፣ እንደገና የሚነሱበት። የእጅ ሰዓትዎን አይንኩት፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ይቁጠሩ።

ሌላ ወረቀት ደግሞ ልጅዎ በእንግሊዝኛ ጽፋ ትላክልዎት። ስምዎ፣ እንግሊዝኛ እንደማይናገሩ፣ የበረራው ቁጥር፣ የመጨረሻው ከተማ፣ የስልክ ቁጥሯ፣ ከታች «እባክዎ ጌቱ ተቀይሮ እንደሆነ አይተው ያድርሱኝ» የሚል። በየሁለት ሰዓቱ ለሠራተኛ ያሳዩ። ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ ብለው አይጠብቁ። ያችን እናት ያስቀረቻቸው እሷ ነገር ነች።

ስለ ጾሙ፣ ልጅዎ ቲኬቱ ላይ ቪጋን የሚባለውን ምግብ ትምረጥ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። ዳቦ ቆሎና ቆሎ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ማር ግን እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻ ላይ ይወስዱብዎታል፤ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በርበሬና ሽሮም እንደዚያው። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት በእጅ መያዝ ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል። ሲደርሱ ምን ምግብ እንደያዙ ከተጠየቁ ሁሉንም ይናገሩ። ያልተናገሩት ነው የሚያስቀጣው።

ጋቢዎን በእጅዎ ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት። ወፍራም ካልሲም ይጨምሩ። የሚያስቀምጥዎትን ሰው ከቻለ መስኮት አጠገብ ይበሉት። እርስዎ ሰማይ ማየት የለመዱ ሰው ነዎት። መሬት ላይ የሚርመሰመሱትን፣ ነዳጅ የሚቀዱትን፣ ሻንጣ የሚጭኑትን ሲያዩ ሰዓቱ ይሄዳል። በየሰዓቱ ተነስተው እስከ ሽንት ቤቱ ደርሰው ይመለሱ፤ ለጉልበትዎም ደግ ነው። ውኃ ይጠጡ።

የቀረው ለልጅዎ መንገሩ ነው። ዝም አይበሉ። እሷ ያን የ13 ሰዓት ነገር እርስዎ እንደነገሩኝ አድርገው አልነገሯት ይሆናል። ቦርሳውን እግርዎ ላይ ማሰርዎን ይንገሯት። ቲኬት ደግሞ ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ለመቀየር ይወደዳል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይሁን። እሷ ያለችበትን ከተማ አልጻፉልኝም። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነች፣ በእኛ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እሷ ዘንድ ገና ቀትር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ይደውሉላት። የልጅ ልጅዎም አጠገብዎ ይቀመጥና የስድስቱን ምልክት ኮድ ይጻፍ።